የራሳችን ፖድካስት፦ ድምፃችንን እንዴት እንቀዳለን? በየትኛው ፕሮግራም?



በዛሬው ትምህርታችን ፊደል አንቆጥርም፣ ግስም አናረባም። የምንማረው ስለ ድምፅ ነው። ትምህርቱን ስትጨርሱ የራሳችሁን የመጀመሪያ ፖድካስት ለመሥራት የሚያስፈልገውን ሁሉ ታውቃላችሁ። ገንዘብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አንድ ስልክ፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ ጸጥ ያለ ክፍል እና የሚያወራችሁ ሰው ነው። (የአንድ አዋጅ ቁጥር ሲቀር፣ እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ግን አንድ የራሴን ታሪክ ላጫውታችሁ።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው አዲስ አበባ ነበር፤ አክስቴ ደግሞ ጅዳ ትሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ ውጭ አገር መደወል በጣም ውድ ነው። አያቴ መጻፍ ስለማትችል ደብዳቤዋን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር የሚጽፍላት። ስለዚህ በካሴት መላላክ ጀመሩ። አክስቴ ድምፅዋን ቀድታ በመንገደኛ ትልካለች፤ እኛ ቴፑን ከበን እናዳምጣለን፤ ከዚያ ተራ በተራ መልስ እንቀዳለን። አያቴ ቴፑን ልክ እንደ ስልክ ነበር የምታናግረው። «እንዴት ነሽ ልጄ?» ትልና ዝም ብላ መልስ ትጠብቃለች። እኛ በሳቅ እንሞታለን።

አንድ ጊዜ መንገደኛ ጠፋና የአያቴ ካሴት መሳቢያ ውስጥ ቀረ። እኔ ምኑን አውቄ! ባዶ ካሴት ባጣ ጊዜ ያንን አንስቼ ከሬዲዮ ዘፈን ቀዳሁበት። ካሴቱ ትዝ ያለኝ አያቴ ካረፈች በኋላ ነው። ፈልጌ አገኘሁትና ከፈትኩት። ዘፈን ነው፣ አሁንም ዘፈን ነው። መጨረሻ ላይ ዘፈኑ ሲያልቅ ግማሽ ደቂቃ የማይሞላ የእሷ ድምፅ ተርፏል። «አለቀ? ይሄ ነገር አሁንም ይሰማል?» ትላለች። እቤታችን የቀረው የአያቴ ድምፅ እሱ ብቻ ነው።

ልጆች፣ ይህንን የነገርኳችሁ እንድታዝኑ አይደለም። ዛሬ በእጃችሁ ያለው ስልክ ከዚያ ቴፕ እጅግ የተሻለ መቅጃ ነው። እናንተ የእኔን ስሕተት መድገም የለባችሁም።

1. ፖድካስት ምንድን ነው?

ፖድካስት በኢንተርኔት በኩል የሚደርሰን፣ ክፍል 1፣ ክፍል 2 እየተባለ በተከታታይ የሚወጣ ዝግጅት ነው። አንዳንዱ ዛሬ ዛሬ ቪዲዮም አለው፤ መሠረቱ ግን ድምፅ ነው።

«ታዲያ ከሬዲዮ በምን ይለያል?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ! እስቲ ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው። ለምሳሌ የጀርመን ድምፅ ሬዲዮ የአማርኛ ሥርጭት የተጀመረው በ1965 ነው። ብዙ ሰው በአጭር ሞገድ ያዳምጠው ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ሬዲዮው ይከፈታል፣ አንቴናው ወዲያ ወዲህ ይዞራል፣ ልጆች ዝም ይባላሉ። ሰዓቱ ካለፈ አለፈ ነው፤ ዜናው አይደገምላችሁም። ሬዲዮን እኛ እንጠብቀዋለን፤ ፖድካስት ግን እኛን ይጠብቀናል። ማቆም፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ አሥር ጊዜ መስማት ይቻላል። አማርኛ ለሚማር ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ያልገባችሁን ቃል ደግማችሁ ትሰሙታላችሁ ማለት ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ደግሞ ሬዲዮ ጣቢያ ለመክፈት ፈቃድ፣ ማሠራጫና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ፖድካስት ግን አንድ ልጅ ከወላጁ ጋር ሆኖ ከመኝታ ቤቱ ሊሠራው ይችላል።

ስሙስ ከየት መጣ? በ2001 አፕል የተባለው ኩባንያ አይፖድ የሚባል ኪስ ውስጥ የሚገባ የሙዚቃ ማጫወቻ አወጣ። በየካቲት 2004 ቤን ሐመርስሊ የተባለ ጋዜጠኛ ዘ ጋርዲያን በተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ ስለዚህ አዲስ ነገር ሲጽፍ «አይፖድ» እና «ብሮድካስት» (ማሠራጨት) የሚሉትን ሁለት ቃላት አጋባቸው። «ፖድካስት» የሚለው ቃል የወጣው ከዚያ ነው። በሰኔ 2005 አፕል ፖድካስትን አይቲዩንስ በተባለው ፕሮግራሙ ውስጥ ሲያስገባ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ምዝገባ ተቆጠረ። በዚያው ዓመት «ፖድካስት» የኒው ኦክስፎርድ አሜሪካን መዝገበ ቃላት የዓመቱ ቃል ሆነ። የሚገርመው፣ አይፖድ ራሱ በ2022 መመረቱ ቆሟል። ዕቃው ሄደ፤ ስሙ ቀረ!

2. ለአማርኛችን ምን ይጠቅማል?

አማርኛን በደንብ ለመማር ጆሮ ያስፈልጋል። ለምን? ሁለት ምክንያቶች እነሆ።

አንደኛ፦ ፊደላችን ሁሉንም ነገር አያሳይም። እነዚህን ቃላት ተመልከቱ፦

• ገና — ሲላላ «ገና አልደረሰም» እንደምንለው ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው።
• ዋና — ሲላላ ውኃ ውስጥ የምንዋኘው ነው፤ ሲጠብቅ «ዋና ከተማ» እንደምንለው ነው።
• አለ — ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው።

አያችሁ? አጻጻፉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው ድምፁ ላይ ብቻ ነው። መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ልጅ ይህንን ከየት ያገኘዋል? ከሰው አፍ ብቻ! ስለዚህ የአያቶቻችንን ድምፅ ስንቀዳ ወረቀት ሊይዘው የማይችለውን አማርኛ እየያዝን ነው።

ሁለተኛ፦ ከአገር ውጭ ያደግን ልጆች የሚያስቸግሩን ድምፆች አሉ፤ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ እና ጰ። እንግሊዝኛም ጀርመንኛም እንዲህ ያሉ ፊደሎች የሏቸውም። እስቲ እነዚህን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፦

• መታ — መጣ
• ተራ — ጠራ
• ከበረ — ቀበረ
• ፈተነ — ፈጠነ

«አክስቴ መጣች» ለማለት ፈልጋችሁ «አክስቴ መታች» ብትሉ ቤቱ ሁሉ ይደነግጣል! ራሳችንን ስንናገር ስሕተታችን አይሰማንም። ቀድተን ስንሰማው ግን ወዲያው ይታወቀናል። «ውይ፣ እኔ ነኝ እንዲህ የምለው?» ትላላችሁ። አትፈሩ፣ ሁሉም ሰው የተቀዳ ድምፁን ሲሰማ ይገርመዋል። ስንናገር ድምፃችንን በአየርም በራስ ቅላችን አጥንትም በኩል እንሰማዋለን፤ የተቀዳው ግን በአየር የሚሰማው ብቻ ነው። ስለዚህ ቀጠን ብሎ ይሰማናል።

3. የሚያስፈልጉን ዕቃዎች

*መቅጃ።* የስልካችሁ ማይክሮፎን ለመጀመሪያ ይበቃል። አይፎን ላይ «ቮይስ ሜሞስ» የሚባል አብሮ የመጣ መቅጃ አለ። በብዙ አንድሮይድ ስልኮችም «ሪኮርደር» ወይም «ቮይስ ሪኮርደር» የሚባል ታገኛላችሁ። ውድ ማይክ ለመግዛት አትቸኩሉ።

*ማዳመጫ።* ጆሮ ላይ የሚደረግ ተራ ማዳመጫ ይሁን። ስታርሙ ትንንሽ ጉድለቶች የሚሰሙት በእሱ ነው።

*ጸጥ ያለ ክፍል።* ከማይኩ በላይ ወሳኙ ይሄ ነው። ባዶ ክፍልና ወጥ ቤት ያስተጋባሉ። ምንጣፍ፣ መጋረጃና አልጋ ያለበት ክፍል ይሻላል። ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን ከፍታችሁ ፊታችሁን ወደ እሱ አድርጋችሁ ብትናገሩ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፤ ልብሱ ድምፁን ይውጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ጋቢ አንጥፉበት። ቴሌቪዥን ይዘጋ፣ የስልኩም ጥሪ ይጥፋ።

*ርቀት።* ከአፋችሁ እስከ ማይኩ አንድ ስንዝር ይሁን፤ ትንሽ ወደ ጎን ብታደርጉት ደግሞ ትንፋሻችሁ «ቡፍ» እያለ አይገባም።

4. የሚያስፈልጉን ፕሮግራሞች

የፖድካስት ሥራ አራት ደረጃ አለው፤ መቅዳት፣ ማረም፣ ማስቀመጥና ማድመጥ። ለየደረጃው የሚሆን ፕሮግራም አለ። መቅጃውን አይተናል።

*ሀ. ለማረም፦ ኦዳሲቲ*

ኦዳሲቲ በ2000 የወጣ፣ በነፃ የሚሰጥ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ነው። በአሜሪካ ካርኔጊ ሜለን በተባለው ዩኒቨርሲቲ ሁለት ሰዎች፣ ዶሚኒክ ማዞኒና ሮጀር ዳነንበርግ፣ ጀመሩት። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል፤ ስልክና ታብሌት ላይ ግን አይሠራም። ቤታችሁ አይፓድ ወይም ማክ ካለ «ጋራዥባንድ» የሚባለውም በነፃ ይገኛል።

ለወላጆች፦ ኦዳሲቲን ከራሱ ከአዘጋጆቹ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። ስሙን አስመስለው አላስፈላጊ ነገር የሚጭኑ ገጾች አሉና። የቆዩ መመሪያዎች «ኤም ፒ 3 ለመሥራት ሌላ ተጨማሪ ፋይል አውርዱ» ይላሉ፤ ባሁኑ ጊዜ ያ አያስፈልግም። በአይፎን የቀዳችሁትን ዊንዶውስ ላይ ለመክፈት ግን «ኤፍ ኤፍ ኤምፔግ» የሚባል ተጨማሪ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ አዘጋጆቹ መመሪያውን እዚያው ገጻቸው ላይ አስቀምጠውታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. የቀዳችሁትን ፋይል ኦዳሲቲ ውስጥ ክፈቱት። ወይም ቀዩን ክብ ተጭናችሁ እዚያው ቅዱ። ድምፃችሁ እንደ ተራራና ሸለቆ ሆኖ በመስመር ይታያል። ተራራው ድምፅ ነው፣ ሜዳው ዝምታ።

2. ልኬቱን ተመልከቱ። የምትቀዱት እዚያው ከሆነ፣ ስትናገሩ የድምፁ ከፍታ ከ−12 እስከ −6 ዲሲቤል ድረስ ቢሆን መልካም ነው። 0 ከነካ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ በኋላ አይጠገንም።

3. ቆሻሻውን አውጡ። ሳል ወይም የበር ድምፅ ካለ በማውስ አጥቁሩትና «ዲሊት» የሚለውን ተጫኑ። ከተሳሳታችሁ ኮንትሮልና ዜድን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ይመለሳል። ማክ ላይ በኮንትሮል ፈንታ ኮማንድ ነው።

4. የማቀዝቀዣውን እምምታ ቀንሱ። ማንም ያልተናገረበትን አንድ ሁለት ሰከንድ ምረጡ። ከዚያ «ኢፌክት» ከሚለው ውስጥ «ኖይዝ ሪዳክሽን» ግቡና «ጌት ኖይዝ ፕሮፋይል» የሚለውን ተጫኑ። ቀጥሎ ሙሉውን ምረጡና እዚያው ተመልሳችሁ «ኦኬ» በሉ። ለዚህ ሲባል ስትቀዱ መጀመሪያ ላይ አምስት ሰከንድ ዝም በሉ። አታብዙት ግን፤ ከበዛ ሰውየው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል።

5. ሁለት ጊዜ አስቀምጡ። «ሴቭ ፕሮጀክት» ስትሉ ኦዳሲቲ ብቻ የሚከፍተው የሥራ ፋይል ይቀመጣል። ለሰው የምትልኩት ግን «ኤክስፖርት» ብላችሁ በኤም ፒ 3 ያወጣችሁትን ነው። ብዙ ጀማሪ የመጀመሪያውን ይልክና «አልከፈት አለ» ይባላል።

(ፕሮግራሙ በምትኖሩበት አገር ቋንቋ ከተከፈተ የአዝራሮቹ ስም ይለያል፤ ቦታቸው ግን ያው ነው።)

*አንድ ማስጠንቀቂያ።* ስታርሙ አያታችሁ «እ…» ያሉበትን፣ አስበው ዝም ያሉበትን፣ የሳቁበትን ሁሉ ቆርጣችሁ አትጨርሱ። ያ ዝምታ የእሳቸው አነጋገር ነው። ሳሉን አውጡ፤ ሰውየውን ግን አታውጡ።

*ለ. ትንሽ ሒሳብ*

ኮምፒዩተር ድምፅን የሚይዘው እየለካ ነው። በሲዲ ጥራት ስትቀዱ በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ ይለካል! እያንዳንዱ ልኬት 2 ባይት ይወስዳል። እንግዲህ፦

44,100 × 2 × 60 ሰከንድ = 5,292,000 ባይት፣ ማለትም በደቂቃ 5.3 ሜጋባይት ያህል።

ለ10 ደቂቃ 53 ሜጋባይት ሆነ። ይሄ «ዌቭ» የሚባለው ዓይነት ነው። ኤም ፒ 3 ግን የሰው ጆሮ ብዙም የማይሰማውን ትቶ ያጥፈዋል። ለንግግር በሚበቃው በ64 ኪሎቢት ብታወጡት፣ ያው 10 ደቂቃ 4.8 ሜጋባይት ብቻ ይሆናል። ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው፤ ኢትዮጵያ ያለችው አክስታችሁ የምታዳምጠው በሞባይል ዳታ ከሆነ 4.8 እና 53 ለኪሷ አንድ አይደሉም።

*ሐ. ለማስቀመጥና ለማሠራጨት*

ኤም ፒ 3 አንድ ቀን ለአንድ ሰው መላክ ገና ፖድካስት አይደለም። ፖድካስት የሚያሰኘው አር ኤስ ኤስ የሚባለው ነገር ነው። ስሙ አያስፈራችሁ! የትምህርት ቤታችንን የማስታወቂያ ሰሌዳ ታውቁታላችሁ አይደል? አር ኤስ ኤስ እንደሱ ነው። አጭር የጽሑፍ ዝርዝር ሲሆን «ክፍል 1፣ ርዕሱ ይህ፣ የወጣበት ቀን ይህ፣ ድምፁ ያለው እዚህ» ይላል። አዲስ ክፍል ሲጨመር ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ይጨመራል። ማድመጫው ፕሮግራም ደግሞ እንደ ተላላኪ ልጅ በየጊዜው ሄዶ ሰሌዳውን ያያል፤ አዲስ ነገር ካለ ያመጣላችኋል። በ2000 መጨረሻ ዴቭ ዋይነር የተባለ ፕሮግራም ሠሪ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የድምፅ ፋይል እንዲመለከት አድርጎ ባያሻሽለው ኖሮ ፖድካስት አይኖርም ነበር።

ድምፁን የሚያስቀምጡና ዝርዝሩን የሚጽፉላችሁ ድርጅቶች አሉ። «ስፖቲፋይ ፎር ክሪኤተርስ» (ቀድሞ አንከር ይባል የነበረው) በነፃ ይሰጣል፤ «ፖድቢን» እና «ባዝስፕራውት» የመሳሰሉም አሉ። መዝገቡን የሚከፍተው ግን ወላጅ ነው።

*መ. ለማድመጥ*

አፕል ፖድካስትስ፣ ስፖቲፋይ፣ ፖኬት ካስትስ፣ አንቴናፖድና ዩቲዩብ ሚዩዚክ ይገኛሉ። የጉግል ፖድካስትስ በ2024 ስለተዘጋ አትፈልጉት። መሥራት ከመጀመራችሁ በፊት አድምጡ፤ የጀርመን ድምፅም ሆነ በአውስትራሊያ ኤስ ቢ ኤስ በአማርኛ ያዘጋጁትን በድምፅ ያቀርባሉ። ጋዜጠኞቹ ጥያቄ እንዴት እንደሚጠይቁ ልብ በሉ።

5. እንዴት እንጠይቅ?

ፕሮግራሙን ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው። ግማሹ ጥያቄ ነው። «ልጅነትዎ ጥሩ ነበር?» ብትሉ መልሱ «አዎ» ነው፤ አለቀ። «ልጅ ሆነው ትምህርት ቤት ሲሄዱ መንገዱ ምን ይመስል ነበር?» ብትሉ ግን ታሪክ ይወጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚከተሉት አንዱን ምረጡ፦

• ከአገር ሲወጡ ሻንጣዎ ውስጥ ምን ነበር?
• ስምዎን ማን አወጣልዎት? ለምን?
• ልጅ እያሉ ምን ትጫወቱ ነበር? ሕጉን ያስረዱኝ።
• የሚያውቁትን ተረት ይንገሩኝ።

የመጨረሻውን ከመረጣችሁ፣ እሳቸው «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» ብላችሁ መመለስ እንዳትረሱ!

አክብሮትንም አንርሳ፦

• ለወንድም፦ አንተ ንገረኝ
• ለእህት፦ አንቺ ንገሪኝ
• ለብዙ ሰው፦ እናንተ ንገሩኝ
• ለትልቅ ሰው፦ እርስዎ ይንገሩኝ

በብዙ ቤት እናትንና አያትን «አንቺ» ማለት የተለመደ ነው፤ እኔም አያቴን እንደዚያ ነበር የምጠራት። ፍቅር ነው፣ ነውር የለውም። የሰው ቤት ሄዳችሁ ሌላ ሽማግሌ ስትጠይቁ ግን «እርስዎ» ነው።

ጠይቃችሁ ስታበቁ ዝም በሉ። ሰው ሲያስብ ጊዜ ይፈልጋል። በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ፤ ብዙ ጊዜ ምርጡ ወሬ የሚመጣው ከዝምታው በኋላ ነው።

6. ጥንቃቄ

*ፈቃድ።* ሰውን ሳያውቅ አትቅዱ። ነውር ብቻ ሳይሆን በብዙ አገር በሕግም ያስጠይቃል። ስትጀምሩ «አያቴ፣ እየቀዳሁ ነው፤ ይፈቅዳሉ?» በሉና መልሳቸውንም ቅዱት። በኋላ «ያችን ነገር አውጣልኝ» ካሉ ይውጣ።

*ስም።* በፖድካስት ላይ ሙሉ ስማችሁን፣ አድራሻችሁን፣ የትምህርት ቤታችሁን ስም አትናገሩ።

*ዘፈን።* የምትወዱትን ዘፋኝ ዘፈን ከፍታችሁ መግቢያ አታድርጉ፤ የሰው ሥራ ነው። በኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው። እናንተ ራሳችሁ አጨብጭቡ፣ ወይም ክራር የሚያውቅ አጎት ካለ ለምኑት።

*ለወላጆች።* በአሜሪካ በ1998 የወጣው የልጆች የኢንተርኔት ግላዊ መረጃ ጥበቃ ሕግ፣ ከ13 ዓመት በታች ካለ ልጅ መረጃ የሚሰበስብ ድርጅት የወላጅን ፈቃድ እንዲያገኝ ያስገድዳል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ልጁ ራሱ ሊፈቅድ የሚችልበት ዕድሜ እንደየአገሩ ከ13 እስከ 16 ነው። ለሁሉ ሰው ማሠራጨት ግዴታ አይደለም። የብዙዎቻችሁ ምርጫ ኤም ፒ 3ውን በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ ለቤተሰብ ብቻ መላክ ሊሆን ይችላል። በጥብቅ ስንናገር ፖድካስት አይባልም፤ ሥራውና ጥቅሙ ግን ያው ነው።

*ቅጂ።* ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ የሚባለውን ሕግ ያዙ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ለምሳሌ አንዱ ኮምፒዩተር ላይ፣ አንዱ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ አጎት ቤት። ስም ስጡት ደግሞ፤ «አዲስ ቅጂ 37» የሚለውን ከአሥር ዓመት በኋላ ማንም አያገኘውም። የማን ድምፅ እንደሆነ፣ ቀኑንና ርዕሱን ጻፉበት።

አዲስ ቃላት

• መቅዳት — ድምፅን መያዝ (ውኃም ይቀዳል!)
• ማረም — የተሳሳተን ማስተካከል (እርሻም ይታረማል!)
• ማሠራጨት — ለብዙ ሰው ማዳረስ
• ማስተጋባት — ድምፅ ግድግዳ ነክቶ ሲመለስ
• ስንዝር — ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ፣ እጅ ሲዘረጋ

መልመጃ

1. ፖድካስት ከሬዲዮ የሚለይባቸውን ሁለት ነገሮች ተናገሩ።
2. «ገና ገና አልደረሰም» የሚለውን በትክክል አንብቡ። የሚጠብቀው የትኛው ነው?
3. አንድ ክፍል 6 ደቂቃ ነው። በ64 ኪሎቢት ኤም ፒ 3 ስንት ሜጋባይት ይሆናል? (10 ደቂቃው 4.8 እንደሆነ አስታውሱ።)
4. «አገርህን ትወዳለህ?» የሚለውን ጥያቄ ታሪክ እንዲያወጣ አድርጋችሁ ለትልቅ ሰው ለውጡት።

የቤት ሥራ

እስከሚመጣው ቅዳሜ ሦስት ደቂቃ ቅዱ። ከዚያ አይበልጥም። መጀመሪያ በአማርኛ ራሳችሁን አስተዋውቁ፤ የመጀመሪያ ስማችሁ ብቻ ይበቃል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ለአንድ ትልቅ ሰው ጠይቁ። አያት አጠገባችሁ ከሌሉ በስልክ ደውሉ፤ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና በሌላ ስልክ ቅዱት። አማርኛችሁ ቢሰናከል አትቁረጡት። በዓመቱ መጨረሻ ከአዲሱ ጋር አስተያይተን እንሰማዋለን፤ ምን ያህል እንዳደጋችሁ ያኔ ታውቁታላችሁ።

ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ «ሌላ ጊዜ» አትበሏቸው። ቤት ውስጥ አማርኛ እየሰማ በሌላ ቋንቋ የሚመልስ ልጅ ስንቱ ነው? መጠየቅ ያለበት ልጅ መናገር አለበት። እናንተ ደግሞ የእናንተን ድምፅ አንድ ቀን የሚፈልግ እንዳለ አትርሱ።

ካሴቴ ውስጥ «አለቀ? ይሄ ነገር አሁንም ይሰማል?» ያለችው አያቴ መልስ ሳታገኝ ቀርታለች። አዎ፣ ይሰማል። ተማሪዎቼም ሰምተውታል።

በርቱ፣ ቅዳሜ እንገናኝ!